በሁዳዴ የተቆለፈበት ቅባት

ባለፈው ሳምንት ደብረ ማርቆስ አንድ መድኃኒት ቤት ወረፋ ስጠብቅ፣ ከፊቴ የነበረችው ወጣት የሐኪም ወረቀቷን አጣጥፋ ሰጠች። ቅባቱ ሲወጣላት አንገቷን ደፋች። ካርቶኑን አወቅሁት፤ እኔም የመጣሁት ለእሱው ነበር።

ሕመሙ ሲጀምረኝ ሃያ አራት ዓመቴ ነው። ሮብ ገበያ በምትባል የገጠር ከተማ አስተምራለሁ፤ ካገባሁ ሁለት ዓመቴ። ብልቴ አካባቢ ቆዳው ነጥቶ ያሳክከኝ ጀመር፤ ለጠላትም አይስጥ። ክፍል ውስጥ መቀመጥ አቃተኝ፣ እንቅልፍ አጣሁ። በሎሚ ብታጠብ ባሰብኝ። ከሁሉ የከፋው ግን ሐሳቡ ነበር፤ ምን ኃጢአት ሠርቼ ነው እያልሁ ብቻዬን አለቅሳለሁ። ባለቤቴ አየነው ሲጠጋኝ ራሴን አመመኝ እለዋለሁ። ሰው ስንት ጊዜ ራሱን ያመዋል?

ገብሱ ተወቅቶ ሲያበቃ እናቴን ልጠይቅ ብዬ ማርቆስ ወረድሁ። ሆስፒታል ያየችኝ ሐኪም ሴት ነበረች።

«የቆዳ በሽታ ነው። ከማንም አልያዘሽም፣ ለማንም አታስተላልፊም። ሎሚውን ተይው» አለችኝና ቅባት አዘዘችልኝ።

ስመለስ መንገድ ላይ የተቀቀለ ድንች በአዋዜ ገዝቼ በላሁ። ከስንት ወር በኋላ ምግብ ጣመኝ። ቅባቱን በተቀባሁ በሁለት ሳምንቱም እንቅልፍ ወሰደኝ።

ከዚያ ሁዳዴ ገባ። ቅባቱ ጣቴ ላይ እንደ ቅቤ ቀለጠ፤ ቅቤ ደግሞ ፍስክ ነው። ማንን ልጠይቅ? የት እንደምቀባው ሊጠይቁኝ ነው። ሳጥን ውስጥ ቆለፍሁበት። ማሳከኩ ሲመለስ፣ ጾሙን አመካኝቼ መደብ ላይ መተኛት ጀመርሁ።

አንድ እሑድ ሽሮ እየበላን ሳለ አየነው፣ «ከፋሲካ በኋላ ሽማግሌ እንጥራ። ከጠላሽኝ በደኅና እንለያይ» አለኝ።

እወደው ነበር እኮ! ሁሉን ነገርሁት፤ ቅባቱንም አውጥቼ አሳየሁት። ሰማኝና ጋቢውን ደርቦ ወደ ንስሐ አባታችን ሄደ።

«ሚስቴ ቆዳዋን ታማ በቅባት ትታከማለች አልኋቸው» አለኝ ሲመለስ።

«ምን አሉ?»

«ጾሙ የአፏ ነው፣ ቁስሏን ማን ጹም አለው ብለው ተቆጡኝ።»

በዚያው ቀን ተቀባሁ፤ ሽማግሌውም ቀረ። በሽታው ዛሬም ይሄዳል፣ ይመጣል። አየነው ቅባቱ ሲያልቅ ከእኔ ቀድሞ ያውቃል።

ልጅቱን ከመድኃኒት ቤቱ ውጪ ደረስሁባት። «ልጄ፣ እኔም ይህንኑ መቀባት ከጀመርሁ ሠላሳ ዓመት ሊሆነኝ ነው» አልኋት።

ግራ ቀኙን አየችና ተጠጋችኝ። «እትዬ፣ በጾምም ይቀቡታል?»

እስከዚያች ቀን ድረስ በዚህ የተጨነቅሁ እኔ ብቻ ይመስለኝ ነበር።