የሁለት ሰዓት ሥራ

መርዶ ይዤ ዝም ማለት አልችልበትም። ያን ጊዜ ግን ከሐሙስ እስከ እሁድ ቻልኩት።

ሐሙስ ከዝዋይ የተደወለው ለእኔ ነው። የጓደኛዬ ታላቅ ወንድም እዚያ ዓሣ አጥማጅ ነበር። እየቀዘፈ ሲመለስ የከሰዓቱ ነፋስ ደረሰበት፤ ጀልባዋ ተገልብጣ ሞተ። «ሞተር ቢኖረው ነፋሱን ይቀድመው ነበር» አለኝ የደወለው ሰው።

እዚህ ባሕር ማዶ፣ ፌርፋክስ ሰፈር ካለው የአበሻ ምግብ ቤት ጓሮ አምስት ሽማግሌ ሆነን ተቀመጥን።

«ዛሬውኑ ይነገረው» አልኩ።

«ሰው ሁሉ ሥራ ላይ ነው፤ ማን ያጽናናዋል? እሁድ ጠዋት፣ ተሰብስበን ነው እንጂ» አሉ ሌሎቹ።

ወጉ ነውና ተረታሁ። «አንተ ከሱ አትለይ» አሉኝ። «ያቺን ሞተር ሥራለት፤ በእሷ ይያዝልን።»

ያቺን ሞተር! ጓደኛዬ ፓርኪንግ ነው የሚሠራው። ዝዋይ ላለው ወንድሙ ሊልክለት ብሎ ኖርዝ ሆሊውድ ከአንድ ሰው ጓሮ አሮጌ ትንሽ የጀልባ ሞተር ገዛ። ጥምቀት ሰሞን ነበር። አልነሳ አለች። «ሾፕ ልውሰዳት» ቢል ተቆጣሁት። «እኔ ቆሜ? ድሬዳዋ ጋራዥ ውስጥ ያረጀሁ ሰው?» ከዚያ ጉልበቴን አመመኝ፤ ከዚያ ጾም ገባ፤ ከዚያ ሙቀቱ መጣ። «ጋሼ፣ ወንድሜ እየጠየቀኝ ነው» ይለኛል። «በሚቀጥለው ሳምንት» እለዋለሁ። እንዲህ እንዲህ ስንል ነሐሴ ደረሰ።

ቅዳሜ ጠዋት ቫን ናይስ ቤቱ ሄድኩ። በርሜል ሙሉ ውሃ ቀድቶ፣ ሞተሯን ጠርዙ ላይ አስሮ ይጠብቀኛል። ያለ ውሃ ካስነሷት ትቃጠላለች።

«ጋሼ፣ ዛሬ ፀሐይ በየት በኩል ወጣች?»

«ዝም ብለህ ፒንሳውን አቀብለኝ።»

ካንዴላውን ፈትቼ አየሁት፤ እሳት ይሰጣል። ቤንዚኑ ነው የማይደርሳት። ካርቡሬተሩን አወረድኩ። የከረመ ቤንዚን እንደ ሙጫ ደርቆ፣ መርፌ የማታስገባ ቀዳዳ ደፍኗል። በቀጭን ሽቦ ጠረግኩት፣ አጥቤ መለስኩት። ያቺው ናት፤ ሌላ ሕመም አልነበራትም። ፒንሳው ከእጄ አምልጦኝ ወደቀ።

«ምነው ጋሼ፣ ቁርስ አልበሉም?»

«ገመዱን ጎትት!»

በአራተኛው ተነሳች። ጭሱ ሞላን፤ ውሃው ከበርሜሉ እየዘለለ ሱሪያችንን አራሰው። እሱ እንደ ልጅ አጨበጨበ፤ ስልኩን አወጣ።

«ይስማት! በጆሮው ይስማት!»

ቤት የቀረውን የወንድሙን ስልክ እንዲዘጉ ዝዋይ ላለው ቤተሰብ አስቀድሜ ነግሬ ነበር።

«ዝግ ነው» አለኝ። «መረብ ሊጥል ወጥቶ ይሆናል።» ድምጿን ቀድቶ ላከለት። «ሲመለስ ይሰማታል።»

ሞተሯን አጠፋኋት። «ቤንዚን አትጨርስ» አልኩት። 

እሁድ ሳይነጋ በሩን አንኳኳን። ከፈተ፤ ሰዉን ሁሉ አየ፣ ነጠላ ያዘቀዘቁትን ሴቶች አየ። ከዚያ እኔን አየኝ። ማንም አፉን ሳይከፍት ገባው።

በሦስተኛው ቀን ለቀስተኛው ሳሳ። አጠገቡ ተቀምጬ ነበር።

«ጋሼ፣ ቅዳሜ ለት ስንት ሰዓት ፈጀብን?»

ቀኑን ሙሉ ማለት እችል ነበር፤ እሱ ሰዓት አላየም።

«ሁለት ሰዓት አይሞላም» አልኩት።

ራሱን ነቀነቀ። ዓይኑን ከምንጣፉ አላነሳም።

እያወቁ ለምን ደበቁኝ ብሎ አልወቀሰኝም፤ ወጉን ያውቀዋል። ስለዚያ ሰባት ወርም አልወቀሰኝም፤ ቢወቅሰኝ ይሻለኝ ነበር። የሞተሯንም ነገር ከዚያ ወዲህ አንስቶልኝ አያውቅም። ቤተ ክርስቲያን ስንገናኝ ጎንበስ ብሎ ይሳለመኛል፤ ሁልጊዜም ያንኑ ይጠይቀኛል።

«ጋሼ፣ ጉልበትዎ እንዴት ሆነ?»