አሮጌው አይመለስም

አዳማ ላይ፣ ወደ ሻሸመኔ የምንሄድበት ሚኒባስ ሞተሩ ግሎ ቆመብን። ወርደን በአቅራቢያው ወዳለ ጋራዥ ገፋነው። የተቀበለችን መካኒክ አርባ ዓመት የሚሆናት ሴት ናት። ሰፊ ቱታዋን በወንድ ቀበቶ ጠፍራዋለች፤ የግራ አመልካች ጣቷ ጥፍር የለውም። ቁልፍ ስታነሳ ዓይኗ ከሞተሩ አይነቀልም፤ እጇ ራሱ ፈልጎ ያገኘዋል።

ሞተሩ ሲበርድ የላይ ክዳኑን ፈትታ አወረደችና፣ ከሥሩ ውሃ እንዳያልፍ የሚያሽገውን ጋስኬት ዳሰሰችው። በአንድ በኩል ተቃጥሎ ሳስቷል።

«ውሃ የሚያስገባው ይሄ ነው፤ አዲስ ይግዙ» አለችው ሹፌሩን።

ሹፌሩ ሸበቶ ነው። «ሲሊኮን ቀባ ቀባ አድርጊና መልሺው፣ ልጄ። ሻሸመኔ ብቻ ያድርሰን።»

«አንዴ የተጨፈለቀ ጋስኬት ዳግም በደንብ አይገጥምም። መንገድ ላይ፣ ቡልቡላ ከተማ እንኳ ሳይደርሱ ይቆማሉ።»

«መኪናው የኔ አይደል እንዴ?»

«መኪናው የእርስዎ ነው፤ እጄ ግን የኔ ነው።»

የቸኮልነው ተሳፋሪዎች ማጉረምረም ጀመርን። አንዱ «ሌላ ጋራዥ እንውሰደው» አለ። ቀና ብላ እንኳ አላየችውም።

«መንገዱ ክፍት ነው» አለች። «እኔ አሮጌ አልመልስም ብዬ ከሁለት ጋራዥ ተባርሬያለሁ። ይኸው ሦስተኛውን ራሴ ከፈትኩት።»

ይህን ብላ የቆርቆሮ መቀስ አንስታ ጋስኬቱን ለሁለት ቆረጠችው። ሁለቱንም ቁራጭ ሹፌሩ እጅ ላይ አስቀመጠችለት።

«መለዋወጫ ሱቅ ሲሄዱ ለናሙና ይሁንዎ።»