በሐመሩ ሐ የተመዘገበው ሞተር

ከዩኒቨርሲቲ እንደተመረቅሁ ዲላ ፖሊስ ዘንድ ተመደብኩ። ሥራዬ የወንጀል አቤቱታ በኮምፒውተር የሚመዘገብበትን ፕሮግራም መሥራት ነበር። ጠረጴዛዬ መዝገብ ቤት ውስጥ፣ እናቴን በዕድሜ ከሚያክሉት ሳጅን ፊት ለፊት ተቀመጠ። ሳጅን የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ ነበሩ።

«ልጄ፣ መብራት ሲጠፋ ሌባው ይጠብቅሃል?» ይሉኝ ነበር። እስቃለሁ። በሥራዬ እተማመን ነበር።

የጨለለቅቱን ፖሊስ ጣቢያ መዝገብ ራሴ ተመላልሼ፣ ኮምፒውተር ላይ ጽፌ፣ በፍላሽ አመጣሁ። ፕሮግራሙን ለአዛዡ ባሳየሁበት ቀን፣ ከጪጩ ቀበሌ ወደ ዲላ ሰው በሞተር የሚያመላልስ ጎልማሳ ገባ። ሞተሩ ከተሰረቀ ወራት አልፈዋል፤ በየገበያ ቀኑ እየመጣ ይጠይቃል።

«በል፣ የሱን ፈልግልን» አሉኝ አዛዡ።

ስሙን ጻፍኩ። የራሱ አቤቱታ ብቻ ወጣ።

«ሞተሩ የትም አልተገኘም» አልኩ በሙሉ ልብ።

ሳጅን ከኋላዬ መጥተው ቆሙ። «ስሙን በየትኛው ሀ ጻፍከው?»

«በሃሌታው።»

«በሐመሩ ሞክረው።»

ሞከርኩ። ሌላ መዝገብ ወጣ፦ ጨለለቅቱ ቡና ማሳ ውስጥ ተጥሎ የተገኘ ሞተር፣ ከወንበሩ ሥር በነበረው ሊብሬ ላይ የዚሁ ሰው ስም። ሞተሩ ጨለለቅቱ ጣቢያ ግቢ ቆሟል።

«ሞተሬ አለች?» አለ ሰውየው፤ ወደ ኮምፒውተሩ ተጠጋ።

ደስ አለኝ፤ አፈርኩም። ፕሮግራሜ አንዱን ሰው በሁለት ፊደል ለሁለት ከፍሎት ነበር። ሳጅን ግን አልቀለዱብኝም። ወንበራቸውን ስበው አጠገቤ ተቀመጡ። አንዱ ጸሐፊ በንጉሡ ሠ፣ ሌላው በእሳቱ ሰ እንደሚጽፍ፣ የጌዴኦ ስም ደግሞ ሁሉም ጆሮው እንደሰማው እንደሚያሰፍረው አስረዱኝ። በሳምንቱ ፕሮግራሙ እነዚያን ፊደላት እንደ አንድ እንዲቆጥር አደረግሁት።

«እንዲህማ ከሆነ ስሙ የገጠመ ሁሉ ሊታሰር ነው» አሉኝ ሳጅን። የአያት ስምና ቀበሌ ካልተመሳከረ ውጤት እንዳይሰጥ አደረግሁ።

ሰውየው ጎማው የተነፈሰውን ሞተሩን ከጨለለቅቱ በአይሱዙ ጭኖ መጣ። በሁለተኛው ሳምንት ዲላ መናኸሪያ በር ላይ ተሳፋሪ ሲጠራ አየሁት።

ቀጥሎ ፕሮግራሙን እንዳስገባ ወደ ወርቃ ፖሊስ ጣቢያ ስላክ፣ ሳጅን ካልሄዱ አልሄድም አልኩ። እዚያ እሳቸው ለፖሊሶቹ የፊደሉን ነገር ሲያስተምሩ፣ እኔ ኮምፒውተሩን እተክል ነበር።