ጂፗን ናፍጣ ያስለመድንበት ክረምት

ባለፈው ሰሞን ባሕር ዳር ማደያ ወረፋ ላይ መኪናዬ ውስጥ ሆኜ ስጠብቅ፣ ከፊቴ የነበረው የጭነት መኪና ጋኑ ሞልቶ ናፍጣው አስፋልቱ ላይ ፈሰሰ። ፀሐይ ሲመታው ሽታው ተነሣ። አጠገቤ የቆመው ሰውዬ መስኮቱን ዘጋ፤ እኔ ግን የኔን ይበልጥ ዝቅ አደረግሁት። ይኸውላችሁ፣ ለእኔ ያ ሽታ የአባቴ ካፖርት ሽታ ነው። ደብረ ማርቆስ ያለው ግቢያችን፣ ቆርቆሮ ላይ የሚወርደው የሐምሌ ዝናብ፣ የራሰ የባሕር ዛፍ ቅጠል፣ ሁሉም ተከታትሎ ይመጣል።

ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ ሥራ እስካገኝ ቤት የተቀመጥኩበት ዓመት ነበር። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሾፌር ሆኖ የጎጃምን ዳገትና ቁልቁለት ሲወጣ ሲወርድ ኖሮ ጡረታ ወጥቷል። የቀረችው አንዲት አሮጌ ጂፕ ነበረች፤ አጭር፣ ባለ ሁለት በር፣ ከኋላዋ ሰው ጉልበቱን አጥፎ የሚቀመጥባት። የዚያን ዓመት በጋ ዳገት ላይ ውሃ ጨርሳ ሞተሯ ተሰነጠቀና ተጎትታ መጥታ ከቆርቆሮው ጥላ ሥር ቆመች። ዶሮዎቻችን መቀመጫዋ ሥር እንቁላል መጣል ጀመሩ። አዲስ አበባ ያለው ወንድሜ በደወለ ቁጥር «አባዬ፣ ለቆራሌው ስጣትና ተገላገል» ይለው ነበር።

አባቴ ስልኩን ዘግቶ «እሱ ምን ያውቃል፤ መንገድ ማለት አስፋልት ይመስለዋል» ይላል።

ሰኔ ላይ አንድ ጠዋት ቁርስ እየበላን «ናፍጣ ላስገባባት ነው» አለ።

«ቤንዚን የለመደች መኪና? ታበላሻታለህ እኮ!» አልኩት።

ሳቀ። «ነዳጁን ብቻ አይደለም። ልቧን ነው የምንቀይረው። የቤንዚኑን ሞተር አውጥተን የናፍጣ እንተክልባታለን።»

በዚያ ሰሞን ቤንዚን ጠፍቶ የባጃጅ ልጆች በፕላስቲክ ጠርሙስ ከየጓሮው ይገዙ ነበር። ለአሮጌው ሞተር መለዋወጫ ማግኘትማ የማይታሰብ ነው። ደምበጫ ግን አንድ እህል ነጋዴ ግቢ ውስጥ አካሉ በዝገት ያለቀ የናፍጣ ፒክአፕ ቆሞ ነበር። አባቴ ሄዶ አስነሣውና አጠገቡ ቆሞ አዳመጠው። «ድምፁ ደህና ነው» ብሎ ሞተሩን አስፈትቶ፣ ጤፍ ከጫነ መኪና ላይ አስጭኖ አመጣው።

«ቤንዚን የከተማ ልጅ ነው» ይለኝ ነበር ብሎን እየፈታ። «ቶሎ ይነሣል፣ ቶሎም ይናደዳል። ናፍጣ ገበሬ ነው። ጠዋት ለመነሣት ያንገራግራል እንጂ አንዴ ከተነሣ ዳገት አያስፈራውም።»

ክረምቱን ሙሉ ከዚያ ጥላ ሥር ዋልን። ዝናቡ ሲበረታ በጩኸት ነው የምንነጋገረው። የመጣው ሞተር ከባድና ረጅም ነበር፤ ኮፈኑ አልዘጋ አለ፣ የብሎን ቀዳዳዎቹ ከጂፗ የማርሽ ሳጥን፣ ከካምቢዮው ጋር አልገጥም አሉ። ጎረቤታችን በያጁ ሁለቱን የሚያገናኝ ወፍራም ብረት ቆርጦ አመጣ። እንደገና ቆረጠ። እንደገና አመጣ። ኮፈኑንም መሐሉን ቀዶ ከፍ አድርጎ ሲበይደው ራቅ ብሎ አየና «ጋሼ፣ ይህቺ መኪና አረገዘችብዎ እኮ!» አለ። አባቴ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ እንባው እስኪፈስ ሳቀ።

የእኔ ሥራ መለካት፣ ማንበብና ብሎኑን ከጠባቡ ቦታ ማስያዝ ነበር። «እስቲ እዚህ ላይ የተጻፈውን ቁጥር አንብቢልኝ፤ ደመናው አጨልሞታል» ይለኛል። መፍቻዎቹን በጣቱ ዳስሶ ነበር የሚለያቸው። የእጅ ልምድ መስሎኝ አደንቀው ነበር። መንጃ ፈቃድ እንዳወጣ የነዘነዘኝም በዚያው ክረምት ነው። «የሠራሽውን መኪና ሌላ ሰው ሲነዳው ከምታዪ ራስሽ ንጂው» አለኝ። እውነትም ጠዋት ጠዋት መንዳት እየተማርኩ፣ ከሰዓት እጄን ግራሶ እየቀባሁ ክረምቱ ተጋመሰ።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ ሰማዩ ለመጀመሪያ ጊዜ የተከፈተ ቀን ባትሪ ከበያጁ ተውሰን ልናስነሣት ቆምን። አልነሣም አለች። ቧንቧው ውስጥ አየር ገብቷል ብሎ አባቴ ቦታውን አሳየኝ፤ ብሎኑን ላላ አድርጌ አረፋው እስኪያልቅ የናፍጣውን ፓምፕ በእጄ ገፋሁ። ያኔ ነው ናፍጣው ክንዴን አልፎ እስከ ክርኔ የወረደው። ከዚያ ቁልፉን አዞርኩ።

መላ አካሏ ተንቀጠቀጠ። ዶሮዎቹ ተበተኑ። ግቢው በጭስ ተሞላ፣ በያጁ አጥሩ ላይ ተንጠልጥሎ አፏጨ፣ እኔ ዘልዬ ወርጄ ጮህኩ። አባቴ ራሱን ዘንበል አድርጎ ያዳምጥ ነበር።

«ጭሱ ምን ዓይነት ነው?» አለኝ።

ክረምቱን ሙሉ ሲያስተምረኝ ነበር፤ ጥቁር ከሆነ ነዳጁ በዝቷል፣ ሰማያዊ ከሆነ ዘይት እየበላ ነው፣ ነጭ ከሆነ ገና አልሞቀም። እየፈተነኝ መስሎኝ «አንተው ንገረኛ!» ብዬ ሳቅሁ።

እሱ አልሳቀም። ዝቅ ባለ ድምፅ «ንገሪኝ፣ ልጄ» አለኝ።

ቀና ብዬ አየሁት። ነፋሱ ጭሱን ወደ በሩ እየወሰደው ነበር። አባቴ ግን ጭስ ወደሌለበት፣ ወደ ጓሮው በኩል ዞሮ ነበር የቆመው። ዓይኖቹ ተከፍተዋል።

«ነጭ ነው» አልኩት። «አሁን እየሳሳ ነው።»

«እስኪጠፋ ድረስ እያየሽ ንገሪኝ።»

ቆሜ ነገርኩት። ሳሳ፣ አባዬ። አሁን ቀጭን ነው። አሁን የለም።

እናቴ ጓዳ ምስር ትለቅም ነበር። ስገባ ፊቴን አየችና እጇን ሳታቆም «ዛሬ አወቅሽ?» አለችኝ። ነገሩ የዓይን ግፊት ነው፤ ሐኪሙ የሄደው ብርሃን አይመለስም፣ ያለውን ለማቆየት እንሞክራለን ብሎታል። የቀኝ ዓይኑ ከጠፋ ቆይቷል፤ የግራውም እየጠበበ ነው።

«ለምን ደበቃችሁኝ?»

«አስምሎኝ ነው። ካወቀች መፍቻውን ትቀማኛለች አለኝ።»

«ታዲያ በዚህ ዓይኑ ምን አስቸኮለው?»

እናቴ ሰፌዱን ጭኗ ላይ አሳረፈችው። «እህቱን ማየት ይፈልጋል» አለች። ቃሉንም ደገመችው፤ «ማየት።»

አክስቴ እናታቸው ከሞቱ በኋላ አባቴን በጀርባቸው አዝለው ያሳደጉ ታላቅ እህቱ ናቸው። የሚኖሩት ሚኒባስ በማይደርስበት ገጠር ነው፤ እግራቸው ደክሞ ወደ ከተማ መውጣት ካቆሙ ዓመታት አልፈዋል፤ እሱም ከመንገዱ መበላሸትና ከጊዜው ክፋት የተነሣ ዛሬ ነገ ሲል ሳያያቸው ቆየ።

ወደ ውጭ ስመለስ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ነበር። ማልቀሴ እንዳይሰማው ጉሮሮዬን ጠረግሁ። «ራዲያተሩ ትንሽ ያንጠባጥባል» አልኩት።

«እንግዲያው እንቀጥላ» አለኝ።

ጥቅምት ላይ ሄድን። መሪውን የያዝኩት እኔ ነበርኩ፤ አባቴ አጠገቤ ተቀምጦ በጆሮው ይነዳል። «ሦስተኛ አግቢላት። እንዲህ። አትጨቅጭቂያት።» ደብረ ወርቅን አልፈን ወደ ጉንደ ወይን ስንጠጋ ከዋናው መንገድ ወጥተን የገጠሩን መንገድ ያዝን። ጤፉ ወገቡን ሰብሮ ቢጫ መሆን ጀምሯል። «ጤፉ እንዴት ነው?» ይለኛል፤ እነግረዋለሁ። «ያ ትልቅ ዋርካ አለ?» ይለኛል፤ «አለ» እለዋለሁ።

አንድ ወንዝ ጋ ስንደርስ ውሃው ገና አልጎደለም ነበር። ፍሬኑን ረገጥኩ።

«አትፍሪ» አለኝ። «ማርሽ ሳትቀይሪ ቀስ ብለሽ ግቢ። እሷ ታወጣሻለች።»

ውሃው በሩን እየመታ፣ ድንጋዩ ከሥር እየተንከባለለ ገባን። ሞተሩ ድምፁን አወፍሮ፣ እንደ በሬ አቀርቅሮ ጎተተ፤ ማዶ ወጣን። አባቴ ጉልበቱን በጥፊ መታና «ገበሬ አላልኩሽም!» ብሎ ጮኸ። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንደዚያ ሲደሰት አላየሁትም።

የመንደሩ ልጆች ቀድመው ሮጠው ስለነበር አክስቴ ከአጥሩ ውጭ ቆመው ጠበቁን። ከሩቅ አላወቅኋቸውም። ወገባቸው ጎብጧል፣ ፀጉራቸው ጥጥ ሆኗል፣ የፊት ጥርሶቻቸው የሉም። አባቴ በሩን ይዞ ወረደና ሲጠሩት ወደ ድምፃቸው ሄደ።

«ወንድም ዓለም! መጣህልኝ?» ብለው ፊቱን በሁለት እጃቸው ያዙት። «ምነው ጠቆርክ? ምነው ከሳህብኝ?»

እሱም ትከሻቸውን ይዞ ፊቱን ወደ ፊታቸው አቀና። ረጅም ጊዜ እንደዚያ ቆየ። ምን ያህል እንደታየው ዛሬም አላውቅም፤ ምናልባት የነጠላው ንጣት፣ ምናልባት ጥላ ብቻ።

«አንቺማ፣ እታለም፣ ምንም አልተለወጥሽም» አላቸው።

«ሂድ ወዲያ፣ ውሸታም!» አሉና ድዳቸውን በነጠላቸው ጫፍ ሸፍነው እንደ ልጃገረድ ሳቁ።

«እውነቴን ነው። ያችው ነሽ።»

አክስቴ በትከሻው ላይ አሻግረው አዩኝ። ፊቴ ላይ ምን እንዳነበቡ እንጃ፣ ሳቃቸው ቀስ እያለ ቆመ። የአባቴን እጅ ያዙና «እግርህን አንሣ፣ ድንጋይ አለ። እሰይ። ሌላም አለ» እያሉ፣ ድክ ድክ ሲል እንደመሩት ሁሉ፣ ቀስ አድርገው ወደ ቤት አስገቡት።