ያልተንኳኳው በር

እህቴን ሆቴሉ ውስጥ በስሟ የሚጠራት አልነበረም፤ ሁሉም «ባለቁልፏ» ነበር የሚላት። የአምስተኛው ፎቅ ቁልፎች ወገቧ ላይ ተንጠልጥለው ስለሚውሉ፣ ኮሪደሩ ላይ ከኮቴዋ በፊት የሚሰማው የቁልፉ ድምፅ ነው። እኔ ምድር ቤት ላውንደሪ ውስጥ አንሶላ ስተኩስ ነው የኖርኩት። እሷ ከእንግዳ ጋር የምትውል ናትና ትንሽ ትኮራብኝ ነበር። ይገባታል።

ሆቴሉ በደጉ ዘመኑ የከተማው መኩሪያ ነበር። ሊፍት የሚባል ነገር መጀመሪያ የገባው እዚያ ነው፤ ሰው እሁድ እሁድ ልጆቹን ይዞ ሊፍት ሊያሳይ ይመጣ ነበር። ሙሽሮች ሰፊው ደረጃ ላይ ቆመው ፎቶ ካልተነሡ የተዳሩ አይመስላቸውም። አዳራሹ ውስጥ ፒያኖ ነበር፤ ፒያኖ ተጫዋቹን ደግሞ ሆቴሉን የሠሩት ሰውዬ እንደ ወንድማቸው ይወዷቸው ነበር። ባለ ሆቴሉ ሊሞቱ ሲሉ «እሱን ከክፍሉ እንዳትነኩብኝ» ብለው ተናዘዙ። በቃል ብቻ። ከዚያ ልጆቻቸው ሆቴሉን ሸጡት፣ የገዛውም መልሶ ሸጠው። ሊፍቱ ቆመ፣ ፒያኖውን የወሰደው ወሰደው፣ ቧንቧው ዝገት ይተፋ ጀመር። ፒያኖ ተጫዋቹ ግን ከአምስተኛ ፎቅ ንቅንቅ አላሉም። አርጅተዋል፣ ጆሯቸው ደክሟል። እንግዳ አይደሉም፣ ሠራተኛም አይደሉም፤ በየትኛውም በኩል የሚቆጥራቸው አልነበረም። «ጋሼ» እያለች ቁርሳቸውን ከሠራተኞች ኩሽና የምታወጣላቸው እህቴ ነበረች።

ባለቁልፏ አንድ ሕግ ነበራት፤ እጀታው ላይ «አትረብሹ» የሚል ካርድ የተንጠለጠለበትን በር አታንኳኳም። ገና በልጅነቷ ስትቀጠር የተማረችው ነው። እኛ እናሾፍባት ነበር፤ «የመጨረሻው መለከት ቢነፋም ካርዱ እስኪነሣ ትጠብቃለች» እንል ነበር። 

ሆቴሉ የተዘጋ ቀን፣ እያንዳንዱ የፎቅ ሠራተኛ ክፍሎቹን አይቶ ከደረጃው አናት «ባዶ!» ብሎ እንዲጮህ ሥራ አስኪያጁ አዘዘ። እህቴም ጮኸች። ድምፅዋ ሲሰባበር ምድር ቤት ድረስ ሰማሁት። ቁልፎቿን አስረከበች፣ ውሃና መብራት ተቆረጠ፣ ትልቁ በር በሰንሰለት ታሰረ። ተቃቅፈን አለቀስንና ተበታተንን።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ እሷ ቤት ቁጭ ብለን ሽንኩርት እንልጣለን። ባሏ ሊያስቃት ብሎ፣ «እንግዲህ ዛሬ የማንን በር ልታንኳኪ ነው?» አላት። ቢላዋው ከእጇ ወደቀ።

«የጋሼን በር አላንኳኳሁም» አለች።

«ጋሼማ ሄደው የለ! የወንድሜ ልጅ ይወስደኛል ብለውሽ አልነበር?» አልኳት።

«ካርዱ ነበረበት። አይቼው አለፍኩ። እንዲያው በልማድ... አይቼው አለፍኩ እኮ! ባዶ ብዬ ጮህኩ!»

ባሏ የሚሠራበትን ታክሲ እንዴት እንደነዳው አላውቅም። የሆቴሉ ጥበቃ ሰንሰለቱ ፊት ቆሞ፣ «ሥራ አስኪያጁ ሳያዝ አልከፍትም» አለ። ሥራ አስኪያጁ ስልክ አያነሣም።

«ሰው አለ ውስጥ!» አለችው እህቴ።

«ትናንት ባዶ ብለሽ የጮህሽው አንቺ አይደለሽም እንዴ?»

ባሏ ታክሲው ጋ ቀረ። እጇን ይዤ ወደ ጓሮ ጎተትኳት። የላውንደሪው በር መቀርቀሪያ ከታች ገፋ፣ ከላይ ሳብ ሲያደርጉት ይለቃል፤ እድሜ ለአሮጌነቱ። ጥበቃው ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረ። «እኔ ምንም አላየሁም» አለ፣ እንድንሰማው ጮክ ብሎ።

ደረጃው ጨለማ ነበር። ግድግዳውን እየዳበስን ወጣን። እሷ ከፊቴ እያለከለከች «ውሃ እንኳ የላቸውም፣ ውሃ እንኳ» ትላለች። እኔ የማስበው ሌላ ነው። ሰውዬው ሞተው ቢገኙ እህቴ ከዚያ ወዲያ ሰው እንደማትሆን አውቃለሁ። አምላኬን ለእሳቸው ሳይሆን ለእሷ ብዬ ለመንኩት፤ ይቅር ይበለኝ።

ካርዱ እንደተንጠለጠለ ነው። እህቴ አንኳኳች። ዝም። በመዳፏ ደበደበች። ዝም። ደህናው ጊዜ ቢሆን ደወሉን ስትጫን ውስጥ መብራት ይበራላቸው ነበር፤ አሁን ምን ኤሌክትሪክ አለና!

«ቁልፉን አስረክቤዋለሁ» ብላ እጇን በራሷ ላይ ጫነች።

«መጀመሪያ ግፊው እስቲ!»

«ካርዱ እኮ...»

«እታለም! ሞተውም ቢሆን ፈቃድ ልትጠይቂ ነው?»

ገፋችው። አልተቆለፈም ነበር። ከትናንት ጀምሮ ያንን በር ዘግቶ የያዘው ያቺ ካርድ ብቻ ናት።

ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው መስኮቱ አጠገብ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ዓይናቸው ተከድኗል። የውሃ ጆጉ ባዶ ነው። እህቴ በጣቷ ጫፍ እጃቸውን ነካች። ዓይናቸው ቀስ ብሎ ተገለጠ።

«ካርዱን አላየሽም?» አሏት። ተቆጥተዋል።

ጆሯቸው ሥር ጎንበስ አለች። «አይቻለሁ።»

«ታዲያ?»

«የወንድምዎ ልጅስ፣ ጋሼ?»

«ወንድም የለኝም። ዕቃ አይደለሁ፣ ወዴት ልወሰድ? ሌላ ሰው ቢሆን ይከፍተው ነበር፤ ያንቺ ፎቅ ስለሆነ ነው የሰቀልኩት።»

እህቴ በዚያ ሁሉ ዘመን የእንግዳ አልጋ ላይ ተቀምጣ አታውቅም። ተቀመጠች። ከዚያ ከእሷ ሰምቼው በማላውቀው ድምፅ፣ «ለዚህ ነው ያመኑኝ? በእኔ እጅ ሊሞቱ ነው ያመኑኝ?» አለቻቸው። ጆሯቸው ለደከመው ሰውዬም ተሰማ።

ፊታቸውን ወደ መስኮቱ መለሱ። 

«ይነሡ» አለች እንባዋን በመዳፏ እየጠረገች።

«ወዴት?»

«እኔ ቤት። ይጠብባል፣ ባሌም ያንኮራፋል፤ ይነሡ ብያለሁ!»

ሽማግሌው የኮታቸውን እጅጌ አስተካከሉ። በመጨረሻ እሷን ሳያዩ፣ «ጫማዬ አልጋው ሥር ነው» አሏት።