ለእትዬ አስቴር ያልተከፈተው ቁም ሣጥን

እትዬ አስቴር ማረፋቸውን የሰማችሁም ያልሰማችሁም፣ በሶዶ ከተማም በቤሌም የምታውቋቸው ሁሉ፣ ይህን እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ። ባለፈው ሳምንት ቤሌ መቃብራቸው ላይ ቆሜ የሕይወት ታሪካቸውን ያነበብኩት እኔ ነኝ። «ከአጭር ሕመም በኋላ በሰላም ዐረፉ» ብዬ አነበብኩ። ውሸት ነው። ሕመሙ አጭር አልነበረም፤ በሰላምም አላረፉም። እየጮኹ ነው የሞቱት፤ ያስጮኻቸው ደግሞ ካንሰሩ ብቻ አይደለም።

እትዬ አስቴር እኔ የምሠራበት ሆስፒታል የፋርማሲ ኃላፊ ነበሩ። ከኮሌጅ እንደወጣሁ አጠገባቸው አቁመው መድኃኒት ማደል ያስተማሩኝ እርሳቸው ናቸው። ሞርፊን የሚቀመጥበትን ባለ ሁለት ቁልፍ ቁም ሣጥን ያሳዩኝ ቀን፣ ስፈራ አይተው ሳቁብኝ። «ቁልፍ የሚሰጥህ እንድትከፍትበት ነው» አሉኝ። «ለመቆለፉማ ዘበኛ ይበቃል።» ከቦምቤ የመጡ አንዲት በሽተኛ የሞርፊኑን ሽሮፕ ወስደው ከስንት ቀን በኋላ እንቅልፍ ሲወስዳቸው፣ እትዬ አስቴር የገዛ ነጠላቸውን አልብሰዋቸው ድምፅ ላለማሰማት ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው ከክፍሉ ሲወጡ አይቻለሁ። ጡረታ ከወጡ በኋላም ሱስ የያዛቸው ወጣቶች ከቤታቸው አይጠፉም ነበር። ቦዬ የሚባለውን ሥራ ሥር ቀቅለው ያበሏቸዋል፣ ይቆጧቸዋል፣ ደግሞ ያበሏቸዋል።

ያጠፋቸው አንድ ስብሰባ ነው። ከተማው አዳራሽ ውስጥ ስለ ወጣቶች ሱስ ውይይት ተጠርቶ፣ ሁሉም ሕጉ ይጥበቅ፣ ልጆቹ ይታሰሩ ሲል እትዬ አስቴር እጃቸውን አወጡ። «የሚሸጠውን እሰሩ። የሚጠቀመውን ግን ለሐኪም ስጡት። ታስሮ የዳነ ሱሰኛ እኔ አላየሁም፤ ብሶበት ሲወጣ ነው ያየሁት።»

አቶ ማርቆስ የሚባሉ እህል ነጋዴ ከመቀመጫቸው ተነሡ። «የኔ ልጅ የቤቴን ቆርቆሮ ሳይቀር ነቅሎ ሸጦ ያጨሰ ነው። ይፈቀድለት ነው የሚሉት?»

«አይታሰር ነው የምልዎ። ለዚህ ሕጉ መለወጥ ካለበት፣ አዎ፣ ይለወጥ።»

«እንግዲያው እርስዎ የሐሺሽ እናት ነዎት!»

አዳራሹ በሳቅ አወካ። እኔም ስቄያለሁ። እርሳቸው ቤት ሳይደርሱ ስሙ ባጃጅ ተራ ደርሶ ነበር። ቤተ ክርስቲያናችን አስጠርታ «ሐሺሽ ይፈቀድ ማለትዎን ይተዉ፣ ንስሐም ይግቡ» አለቻቸው። «ያላልኩትን ከየት አምጥቼ ልተወው?» በማለታቸው ከጌታ እራት ታገዱ። እንደ ልማዳችን የታገደ ሰው መጨረሻ ወንበር ላይ ስለሚቀመጥ፣ እሑድ እሑድ እዚያ ብቻቸውን ይቀመጡ ነበር። ወንበሩ ለአምስት ሰው ይበቃል። እኛ ጸሎተኞቹ ግን እርሳቸው አጠገብ ከምንቀመጥ ግድግዳ ተደግፈን ብንቆም እንመርጥ ነበር።

ዘንድሮ ካንሰሩ አጥንታቸው ውስጥ ገባ። ሐኪም ሞርፊን አዘዘላቸው። ማዘዣው ሕጋዊ ነው፤ መድኃኒቱም አለ። ሰኞ ረፋድ ላይ ማዘዣውን ይዘው ወደ መስኮቴ የመጡት እኚያው አቶ ማርቆስ ናቸው። ለካ እትዬ አስቴር ከዚያ ስድብ በኋላ ቤታቸው ድረስ እየተመላለሱ ልጃቸውን ከሱሱ አላቅቀውላቸው ኖሯል።

«የሰደብኳቸው እኔ ነኝ፤ ያስተማሩት ግን አንተን ነው» አሉኝ። «እባክህ ስጠኝ። ጩኸታቸው አስፋልቱ ድረስ ይሰማል።»

ሁለተኛው ቁልፍ ያላት ባልደረባዬ «ልክፈት?» አለችኝ።

በዚያው ሳምንት ለቤተ ክርስቲያን ሽማግሌነት ስሜ ቀርቦ ነበር። ለሐሺሽ እናት ሐሺሽ ሰጠ መባልን ፈራሁ። «ከባድ መድኃኒት ስለሆነ መጀመሪያ ኮሚቴ ይየው፤ ሐሙስ ይሰበሰባል» አልኩ። እንዲህ ያለ ደንብ የለም። እዚያው ቆሜ የፈጠርኩት ነው። ማዘዣውን ተቀብዬ አቶ ማርቆስን በፓራሲታሞል ሸኘኋቸው።

እትዬ አስቴር ረቡዕ ከቀትር በፊት ሞቱ። ገላቸውን ያጠቡት ሴቶች ትራሳቸውን በጥርስ ተቀዶ እንዳገኙት ነግረውኛል።

ቀብራቸውንማ ምን ብዬ ላውራው! አጠገባቸው መቀመጥ የተጸየፉት መዘምራን አንድ ዓይነት ልብስ ለብሰው በአውቶቡስ ቤሌ ወረዱ። ያገዷቸው ሽማግሌዎች ከሁሉም በላይ አለቀሱ። እኔ በተስተካከለ ድምፅ «በሰላም ዐረፉ» አልኩ። እሑድ ሽማግሌ ሆኜ ተመረጥኩ። ማንን እንደመረጣችሁ አሁን አወቃችሁ።

ሕጉ ይጥበቅ ወይስ ይላላ የሚለው ክርክር ዛሬም በየሻይ ቤቱ እንደጦፈ ነው። ተከራከሩ። ለእትዬ አስቴር ግን ሕጉ ፈቅዶላቸው ነበር፤ የከለከልኳቸው እኔ ነኝ።

እትዬ አስቴር፣ ይቅርታ አልጠይቅዎትም። ብጠይቅዎ እሺ ይሉኝ እንደነበር ስለማውቅ ነው። ማዘዣዎ እኔ ጋ ቀርቷል፤ ጠርሙሱም ሳይከፈት በቦታው አለ። ለመቆለፉ ዘበኛ ይበቃል ብለውኝ ነበር። እንግዲህ አሁን እንኳ ይረፉ። ቁም ሣጥኑ እንደተቆለፈ ነው፤ ዘበኛው እኔ ነኝ።