ከሁለቱ አንዱ

ልብስ ተኳሿ ጎረቤቴ ናት። ክፍሎቻችንን የሚለየው ግድግዳ ስስ ስለሆነ ስታስነጥስ "ይማርሽ" የምላት እኔ ነኝ። መጋረጃ እየሰፋሁ ቀኑን ሙሉ ቤት ስለምውል፣ በእነሱ ቤት የሆነውን ሁሉ ወይ ሰምቼዋለሁ ወይ ራሷ መጥታ ነግራኛለች።

ከጎኔ የገቡት ገና በተጋቡ በሳምንቱ ነው። እሷ ላውንደሪ ቤት ትተኩሳለች፤ እሱ መስታወት ገጣሚ ነው። ዕቃቸው አልጋ፣ ጥቂት ወንበሮች፣ የጋዝ ምድጃና እሱ ከሥራ የተረፈ መስታወት ቆርጦ የሠራው ጠረጴዛ ነበር። ጠረጴዛው ከላይ እስከ ታች ያሳያል። እሱ ወሬ ሲያበዛ በእግሯ መንካት አትችልም፤ እንግዳው ሁሉ ያያታል። "እዚህ ቤት ባል መቆንጠጥ እንኳን በአደባባይ ሆነ" ትለኝ ነበር።

ጠዋት ጠዋት ከመውጣታቸው በፊት አብረው ይጸልያሉ። እሷ ከጀመረች ማቆሚያ የላትም። ዘመድ አዝማዱን፣ ጎረቤቱን፣ የታመመውን፣ የላውንደሪ ቤቱን አሮጌ ማሽን ሳይቀር ታነሳለች። እሱ ሸሚዙን እየቆለፈ "አሜን! አሜን በይ እንጂ፣ አውቶቡሱ አመለጠኝ" ይላል።

"አንተ ሰውዬ፣ እግዜርን ታቻኩላለህ?"

"እሱማ ሰምቶሻል። ያልጨረስሽው አንቺ ነሽ።"

እኔ ከግድግዳው ማዶ መቀሴን አስቀምጬ እስቃለሁ።

ባሏ ቁመቱ አጠር ያለ ነው። አብሮት የሚሠራው ጓደኛው ደግሞ በር ባለፈ ቁጥር አንገቱን የሚደፋ መለሎ ነበር። በየሠሩበት ሰው ስማቸውን ትቶ "ረጅሙና አጭሩ" ይላቸዋል። ትልቅ መስታወት ለሁለት ሲሸከሙ ወደ አጭሩ እንዳያጋድል ረጅሙ ጉልበቱን አጠፍ አድርጎ ይሄድ ነበር። መንገድ ላይ ያየ ሁሉ ይስቃል፤ እነሱም አብረው ይስቃሉ። ለአጭሩ ሠርግ አንደኛ ሚዜ የሆነውም እሱ ነው። የረጅሙ ሚስት ፀጉር ሠሪ ናት። ሴቶቹ የተዋወቁት በባሎቻቸው በኩል ቢሆንም፣ ብዙም ሳይቆይ ባሎቻቸውን "እናንተ ደግሞ ምን አገባችሁ?" የሚሉ የልብ ጓደኛሞች ሆኑ። እሁድ ከጸሎት ቤት ሲመለሱ አራቱም አንዳቸው ቤት ተሰብስበው ይበላሉ፣ ካርታ ይጫወታሉ። እኔንም ይጠሩኛል፤ ካርታ ግን አያስነኩኝም፤ ታጭበረብሪያለሽ ይሉኛል። እውነታቸውን ነው።

ከአራቱ በእምነቱ የጠናው ረጅሙ ነበር። ፎቅ ላይ ከመውጣታቸው በፊት የመወጣጫውን ብረት ያዝ አድርጎ "ጌታ ሆይ፣ ሁለታችንንም" ይላል። ሌላ ቃል አይጨምርም። አጭሩ ደግሞ "እኔ ምን ቸገረኝ፣ ከሱ ቁመት ላይ የተነሳ ጸሎት ቶሎ ይደርሳል" እያለ ከኋላው ይወጣል።

የዚያን ቀን ረፋዱ ላይ ተኳሿ እንደ ወትሮዋ ሥራ ላይ ነበረች። ላውንደሪ ቤት ውስጥ በእንፋሎቱና በማሽኑ ጩኸት ሰው አይደማመጥም። ቀና ስትል ፀጉር ሠሪዋ በሩ ላይ ቆማለች። ሽርጧን አላወለቀችም፤ ቀለም የነካው ጓንት እጇ ላይ ነው። የሰው ፀጉር ጀምራ ትታ መምጣቷ ነበር።

"ወድቀዋል" አለቻት።

"እነማን?"

"ሁለቱም። ከመወጣጫው። አንዱ..."

"አንዱ ምን?"

"የሕንፃው ዘበኛ ነው የደወለልኝ። አንዱ ሞቷል አለ። የትኛው ስለው፣ እኔ በር ላይ ነኝ፣ ሲባል ሰማሁ እንጂ አላየሁም አለኝ።"

ተኳሿ በኋላ ይህን ስትነግረኝ የራሷ ነገር ገርሟት ነበር። "እትዬ፣ ሰው እንዲህ ሲባል የሚጮህ ይመስለኝ ነበር። እኔ ካውያውን አጠፋሁ። የሸሚዙን እጅጌ አጠፍኩ። ኮሌታውንም አስተካከልኩ። እሷ ቆማ ታየኛለች። እጄን ማን እንደሚያዘው አላውቅም።"

ታክሲ ውስጥ ከኋላ ተቀመጡና እጅ ለእጅ ተያያዙ። ፀጉር ሠሪዋ ጓንቱን ማውለቅ ረስታዋለች።  ያቺ ጸሎት ስትጀምር ማቆሚያ የሌላት ልጅ አፏ ደረቀ። "ምን ልበል? 'የኔን አትርፍልኝ' ብል 'የሷን ውሰድ' ማለት ሆነብኝ። እጄን ደግሞ ይዛለች። ጌታ ሆይ እላለሁ፣ ከዚያ ቃል የለኝም። ከሁለቱ አንዳችን አሁን ባል የለንም፣ የትኛችን እንደሆንን ግን አናውቅም።"

ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ የሚያናግራቸው ሰው አጡ። አንዱ ሲያልፍ "ጠብቁ" ይላቸዋል፤ ሌላዋ "እዚያ ጠይቁ" ትላቸዋለች። መጨረሻ ላይ አንዲት ነርስ በሩን ገርበብ አድርጋ ብቅ አለች።

"የአጭሩ ሚስት ማናት?"

 ከጥያቄው በኋላ ሞቷልም ተርፏልም ሊመጣ ይችላል።  ተኳሿ ጓደኛዋ የያዘችውን እጇን ከጓደኛዋ እጅ ጋር ወደ ላይ አነሳችው።

"ነይ" አለቻት ነርሷ። "እየጠራሽ ነው።"

በዚያች በአንዲት ቃል ሁለቱም የየራሳቸውን ዕጣ ሰሙ።

ይህን ስትነግረኝ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ነበር። "እትዬ፣ ደስ አለኝ። እጇን እንደያዝኩ ደስ አለኝ! ሰውነቴ ሁሉ ሳቀ። ጠበቅ አድርጌም ጨመቅኳት መሰለኝ። ከዚያ ዞር ብዬ ፊቷን አየሁት።"

ፀጉር ሠሪዋ አልጮኸችም። እጇን ቀስ ብላ አስለቀቀችና "ሂጂ" አለቻት። "ሰውዬው እየጠራሽ ነው፣ ምን ትቆሚያለሽ?"

አጭሩ የወደቀው ያን ጠዋት በተራገፈ አሸዋ ላይ ነበር። ክንዱና ጥቂት የጎን አጥንቶቹ ተሰብረዋል። ፀጉሩ፣ ቅንድቡ፣ ጆሮው ሁሉ አሸዋ ነው። ረጅሙ ከአሸዋው ክምር ጥግ አልፎ ሲሚንቶው ላይ ነው ያረፈው። በመካከላቸው አንድ ሰው ተጋድሞ የሚሞላው ቦታ ነበር፣ ከዚያ አይበልጥም። ሚስቱ ስትገባ አጭሩ መጀመሪያ ያላት "እሱስ?" ነው። ከቅንድቡ ላይ አሸዋውን ታራግፍ ጀመር። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ከቀብሩ በኋላ፣ አጭሩ ከሆስፒታል ሲወጣ፣ የእነ ተኳሿ ቤት ሰው በሰው ሆነ። የገባ ሁሉ "ተአምር ነው፣ ተአምር!" ይላል።  ጠዋት ጠዋት ከግድግዳው ማዶ የምሰማው የእሷን ሹክሹክታ ብቻ ሆነ፤ እሱ አሜን ማለቱን ትቷል። እሷም ጓደኛዋን ሸሸቻት። ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ያ ደስታ ፊቴ ላይ ታይቷል ብላ፣ ፀጉር ቤቱ ያለበትን መንገድ ትታ ዙሪያ ጥምጥም መሄድ ጀመረች። ፀጉር ሠሪዋም አልመጣችም። ጸሎት ቤትም ቀረች።

የጸሎት ቤታቸው ሰባኪ ክፉ ሰው አይደለም። ግን ነገር ከያዘ አይለቅም። "ወንድሜ፣ እሁድ ወጥተህ መስክር። ብዙ ሰው ይጽናናል" እያለ ተመላለሰ።

"ምን ብዬ?" አለው አጭሩ አንድ ቀን፣ በንዴት ተንተክትኮ። "እግዜር እኔን አየኝ፣ እሱን አላየውም ልበል? የጸለየው እኮ እሱ ነው!"

"ያየኸውን ብቻ ተናገር። ሌላውን ለእግዚአብሔር ተወው።"

አጭሩ ከመጨቃጨቁ መውጣቱ ይቀላል ብሎ እሺ አለ።

እሁድ አዳራሹ ጢም ብሏል። እኔም ሄጄ ነበር። አጭሩ ክንዱን በጨርቅ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ወጣ። ማይክሮፎኑ ለቁመቱ እስኪስተካከል ጠበቀ። በዚህ መሃል የኋላው በር ተከፈተና ፀጉር ሠሪዋ ገባች። ወደ ፊት መጥታ፣ ከእኔና ከተኳሿ ፊት ባለው አግዳሚ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ተኳሿ ክንዴን ያዘችኝ። ጥፍሯ ገባ።

አጭሩ ፀጉር ሠሪዋን አያት። "አመሰግናለሁ ልል ነበር የወጣሁት" አለ። ከዚያ ቆመ። ሰው "አይዞህ፣ በርታ" ይለዋል።

ፀጉር ሠሪዋ ብድግ አለች።

"አንድ ነገር ልጠይቅህ" አለችው። "የመጣ ሁሉ 'ወዲያው ነው የሞተው፣ አልተሰቃየም' ይለኛል። ያላየው ሁሉ ይለኛል። አጠገቡ የነበርከው አንተ ነህ። አንተ ግን አንድ ቀን እንኳን እንደዚያ ብለኸኝ አታውቅም። ለምንድን ነው?"

ሰባኪው ተነሳ። "እህቴ፣ ይህን በኋላ ብቻችሁን..."

"አይ፣ አባቴ። አሁን ይንገረኝ።"

"ወዲያው አልሞተም" አለ አጭሩ።

 ተኳሿን አየኋት፤ አፏን ከፍታ ቀርታለች። ለእሷም አልነገራትም ነበር።

"ምን አለ?"

"ይቅርብሽ።"

"ምን አለ?!"

አጭሩ ወደ እሷ ዞረ። "ጫማዬ ወለቀ አለኝ። 'አንዱ ጫማዬ የለም። ካልሲዬ የተቀደደ ነው፣ አውራ ጣቴ ወጥቷል። ሰው ሳይመጣ ፈልግልኝ' አለኝ። እሺ አልኩት፣ መነሳት ግን አልቻልኩም። የሚሞት አልመሰለኝም። ሳቅን። እኔ ጎኔን እያመመኝ ሳቅሁ። ከዚያ ዝም አለ። የተኛ መስሎኝ... እኔ ወሬዬን ቀጠልኩ። ሰዎች እስኪመጡ ድረስ አወራው ነበር።"

ማንም ሰው እንዲህ ያለ ምስክርነት አልጠበቀም። መልአክ አየሁ፣ ብርሃን አየሁ የሚል ነበር የተጠበቀው። ሰባኪው በቆመበት ደርቆ ቀረ። ከኋላ አንዲት ሴት "ኧረ በስመ አብ!" አለች።

ያኔ ፀጉር ሠሪዋ ሳቀች። ከንግግሩ ይልቅ በሳቋ ደነገጥን። "ቀይረው ብዬው ነበር!" አለች በሁለት እጇ ጭንቅላቷን ይዛ። "ያን ካልሲ ጠዋት ቀይረው ብዬው ነበር! 'ማን ያየኛል' አለኝ! ሲወጣ እንኳን የተጨቃጨቅነው በሱ ነው!" ሳቋ መሃል ላይ ተሰበረና ወደ ልቅሶ ዞረ። ባሏ ከተቀበረ ጀምሮ እንባ አልወጣ ብሏት ነበር፤ ይህን ያወቅነው በኋላ ነው።

ተኳሿ አግዳሚውን ተሻግራ ሮጠች። ደግፋ ወደ ግቢው አወጣቻት፤ እኔም ውሃ ይዤ ተከተልኩ። ግንቡ ሥር ተቀምጠው ተኳሿ ያለ አንዳች መግቢያ አፈረጠችው።

"ደስ ብሎኝ ነበር። ሆስፒታል። እጄን ይዘሽ እያለሽ ደስ አለኝ። ይቅር በይኝ።"

ፀጉር ሠሪዋ አፍንጫዋን በመዳፏ ጠረገች። "አውቃለሁ። እጅሽ ነግሮኛል።"

"ታዲያ እንዴት አልጠላሽኝም?"

"ነርሷ 'የረጅሙ ሚስት ነይ፣ እየጠራሽ ነው' ብትል እኔስ ምን የምሆን ይመስልሻል? እጅሽን እሰብረው ነበር።" ውሃውን ከእጄ ተቀብላ ጠጣች። "እኔን ያናደደኝ መጥፋትሽ ነው። ባሌ ሞተ፣ አንቺ ደግሞ መንገድ ቀየርሽ። በአንድ ቀን ሁለት ሰው አጣሁ።"

 ተኳሿ ጭንቅላቷን ጓደኛዋ ጉልበት ላይ ደፍታ እሪ አለች፤ አሁን አባባይዋ ባሏ የሞተባት ሆነች።

በዚያ ቀን ያዘነበት ሰው አልጠፋም። "ምስክርነቱን አበላሸው፣ የእግዜርን ቤት የካልሲ ወሬ አወራበት" ያሉ ነበሩ። ሰባኪው ግን በሚቀጥለው ሳምንት ብቻውን መጣ። የመስታወቱ ጠረጴዛ ጋ ተቀምጦ ሻይ ጠጣ። ሊወጣ ሲል "ማንንም ሰው ዳግመኛ አላቻኩልም" አለ።

አጭሩ ከዚያ ወዲህ ፎቅ ላይ ወጥቶ አያውቅም። ክንዱ ሲድን ምድር ቤት ባለ ወርክሾፕ መስታወት እየቆረጠ መሥራት ጀመረ። የጠዋቱ ጸሎት ላይ መልሶ መቀመጥ የጀመረው ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው፤ እሱም ቢሆን አንዳንድ ቀን ይቀመጣል፣ አንዳንድ ቀን "ዛሬ አልሆነልኝም" ብሎ ይወጣል። እሷ አትጨቀጭቀውም። "እምነትህ የት ሄደ?" ስትለው ሰምቼ አላውቅም።

በቅርቡ ፀጉር ሠሪዋ የራሷን ትንሽ ፀጉር ቤት ተከራይታ አጭሩን ትልቅ መስታወት አስገዛችው። ሊገጥም ሄደ፤ ሚስቱና እኔም መጋረጃ ልንሰቅል ተከትለነው ሄድን። መስታወቱ ከፍ ይበል ስላለች አጭር በርጩማ ላይ መውጣት ነበረበት። አንድ እግሩን አስቀመጠና ቆመ።  ሕፃን የሚዘልባት በርጩማ ናት።

"ተወው፣ ዝቅ ይበል" አለችው ሚስቱ።

"ዝቅ ካለማ ደንበኛዬ አገጯን ብቻ ልታይ ነው" አለች ፀጉር ሠሪዋ። መጥታ ወገቡን በሁለት እጇ ያዘችው። ሚስቱ ደግሞ በሌላ በኩል ቀበቶውን ጨበጠች። እኔ በርጩማዋን ረገጥኩለት። ወጣ፣ ቡሎኖቹን አንድ በአንድ አጠበቀ፣ ወረደና ወለሉ ላይ ቁጭ አለ።

ፀጉር ሠሪዋ ወደ ኋላ ርቃ አየችው። "ጠሟል" አለች።

"የት ጋ?"

"በዚህ በኩል። ትንሽ ነው።"

አጭሩ ከወለሉ ላይ ሆኖ አንጋጦ አየ። እውነትም ጠሟል። በዕድሜው ጠማማ መስታወት ገጥሞ አያውቅም።

"እንዲሁ ይቆይ" አለች ፀጉር ሠሪዋ፤ ከዚያ ሽርጧን አሰረችና ተኳሿን ወንበሩ ላይ አስቀምጣ ፀጉሯን ትፈታላት ጀመር።